ትራሱን ማን ወደ ግርጌ ያዞረዋል?

"ዛሬም ትራሱን ግርጌ አድርጋው ሄዳለች!"

ፀጉር አስተካካዩ ነው። ከሥራ መግባቱ ነው... ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም።

እናቱ አልጋቸው ላይ ተጋድመው ዓይን ዓይኑን ያዩታል። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ አንድ ቃል ለማውጣት ብዙ ይታገላሉ።

"እ... እ..." አሉ።

"ተይው እማዬ፣ አትድከሚ።"

አቅፎ አዞራቸው። ራሳቸውን ወደ ራስጌ፣ እግራቸውን ወደ ግርጌ። ሰው እንደ ሰው ነው መተኛት ያለበት እያለ አጉረመረመ።

የየማታ ሥራው ነው ይሄ።

ቀን ቀን እናቱን የምታስታምመውን ሠራተኛ ግን አንድም ቀን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። እሱ ከወጣ በኋላ ትገባለች፣ ሳይመለስ ትወጣለች። እናቱ የታመሙ ሰሞን ሌላ ከተማ የምትኖረው እህቱ ደውላ "ሰው አግኝቻለሁ፣ አታስብ" ብላው ነበር...

እሱም ቃሏን አክብሮ አላሰበም።

በነገራችን ላይ ሰውዬው ጸሎተኛ ነው። ሰፈሩ ያወጣለት ስም ግን "እንግዳው" ነው። ለምን መሰላችሁ?

አንድ ቤተ ክርስቲያን አይረጋም። በዚህ እሑድ ለመዘምራኑ ሲል እዚህ፣ በሚቀጥለው ለሰባኪው ሲል እዚያ፣ ከዘነበ ደግሞ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ በስልኩ።

"ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችሁ እንግዶች ተነሡ" ሲባል ብድግ ይላል። ይጨበጨብለታል። ከመጨረሻው ጸሎት በፊት ውልቅ ነው።

ሰኞ ሰኞ ለደንበኞቹ የእሑዱን ስብከት ይገመግምላቸዋል። ምላጭ አንገቱ ላይ ያለ ሰው ደግሞ የት ይሄዳል? ያዳምጣል።

ከሁሉም በላይ የሚቀልደው በእናቱ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ማይክራፎኑ የሚያፏጭ... "አንዲት ልብስ ሰፊ አለች" ይላል፣ "ስትዘምር ዜማው ወደ ግራ፣ እሷ ወደ ቀኝ!" ድምፅዋን ሲያስመስል ሱቁ በሳቅ ይፈርሳል።

አባል ሁን ሲሉት ደግሞ መልሱ የታወቀ ነው። "እኔ የጌታ ነኝ... የማንም አባል አይደለሁም።"

አንድ ቀን ሱቁ መብራት ጠፋበት። የያዘውን ደንበኛ እንደምንም በመቀስ ጨርሶ እኩለ ቀን ላይ ቤቱ ገባ።

አንዲት ሴት ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ የእናቱን እግር በለብ ያለ ውኃ ታጥባለች።

ትራሱ ግርጌ ነው።

ደሙ ፈላ። "ስሚ... ሠራተኛዋ አንቺ ነሽ? ራስጌና ግርጌ አትለዪም እንዴ?"

ሴትዮዋ ዞረች።

ልብስ ሰፊዋ ነበረች። የልብስ መለኪያ ሜትሯ አሁንም አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሥራዋን አቋርጣ ነው የመጣችው።

"ሠራተኛ እንኳ የለም ወንድሜ" አለችው ድምፅዋን ሳታነሣ። "እህትህ ሰው ስታጣ ለቤተ ክርስቲያን ደወለች። ተራ ገብተን ነው የምንመጣው። ዛሬ የኔ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።"

ሾርባው ቀጠነ፣ አንሶላው ተጨማደደ ብሎ ለእህቱ በስልክ ያማረራቸው ሰዎች እነዚህ ነበሩ። በሱቁ ሲሳቅባት የኖረችው ሴት የእናቱን እግር ይዛ ፊቱ ቆማለች።

ማምለጫ ሲያጣ "ታዲያ ትራሱስ?" አለ... ቀስ ብሎ።

እናቱ አፋቸውን ከፈቱ። "እ... እ..."

ልብስ ሰፊዋ እጇን አደራርቃ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ዝም ብላ ጠበቀች። አላቻኮለቻቸውም፣ "አትድከሚ"ም አላለቻቸውም። እሱ አንድም ቀን እንደዚያ ጠብቋቸው አያውቅም።

"በ... በሩ" አሉ እናቱ።

"ራስጌ ከሆኑ በሩ አይታያቸውም" አለች ልብስ ሰፊዋ። "አንተ ስትወጣ ስትገባ ማየት ይፈልጋሉ። ቀኑን ሙሉ የሚጠብቁት አንተን ነው።"

ለካ ማታ ማታ እናቱን ከበሩ ወደ ግድግዳ የሚያዞራቸው እሱ ራሱ ኖሯል።

አፈረ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ይቅርታ ለማለት ሞከረ... እንደ እናቱ ቃል አልወጣ አለው።

እሑድ ያቺ ቆርቆሮ ቤት ሄደ። ማንም እንዳያየው ኋላ ተቀመጠ።

"እንግዶች ተነሡ" ተባለ።

ልማድ ሆኖበት ብድግ አለ። አጠገቡ የተቀመጡ ሽማግሌ ጃኬቱን ጎተት አደረጉት።

"ተቀመጥ ልጄ። የእናትህን ልጅ ነው እንግዳ የምንለው? እሷ ሳትታመም በፊት ስለ አንተ ያላስጸለየችን እሑድ አልነበረም።"

ተቀመጠ። አልተጨበጨበለትም።

ልብስ ሰፊዋ ዘመረች። ዜማው ወደ ግራ፣ እሷ ወደ ቀኝ... እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። የዚያን ቀን የመጨረሻውን ጸሎት አብሮ ጸለየ።

ሲወጡ ጠብቆ "እህቴ... ለእኔም ተራ አለኝ?" አላት። ዓይኗን ማየት አልቻለም።

ትንሽ አሰበች። "ከሰፈሩ እንጨት መሸጫ ጀርባ አንድ አልጋ የያዙ አባት አሉ። ፀጉራቸው አድጓል... የሚቆርጥላቸው ሰው አጥተን ነበር።"

መቀሱን ሊያመጣ ሄደ።

ወዳጆቼ... እንግዳ ይጨበጨብለታል፣ ወንበር ይለቀቅለታል። የወደቀ ቀን እግሩን የሚያጥበው ግን ቤተሰብ ነው። ቤተሰብ ደግሞ ድምፁ ቢያፏጭም በየሳምንቱ አይቀየርም።

እስቲ እናንተ... አንድ እሑድ ብትቀሩ "የት ጠፋ?" ብሎ በራችሁን የሚያንኳኳ አለ? እናንተስ የማንን በር አንኳኳችሁ? ሳታፍሩ... አፍራችሁም ቢሆን እውነቱን ከታች ጻፉልን።