አባቷ የማያገኘው ሽቦ

«አዙሪው» ይላል አባቷ ከመኪናው ሥር። የሚታዩት ካርቶኑ ላይ የተዘረጉት እግሮቹ ብቻ ናቸው።

ቁልፉን ታዞራለች። የዳሽቦርዱ መብራት ቦግ ይላል፣ ሞተሩ ግን ጭጭ። እንደማይነሳማ ታውቃለች። ትናንት እሱን ሸለብ ሲያደርገው ጠብቃ፣ ከመሪው ሥር የሚያልፈውን ቀጭን ሽቦ በገዛ እጇ ቆርጣዋለች።

መኪናዋ አልነሳ ስትለው ይተዋታል ብላ ነበር። ሞኝ። የሰው መኪና ሲጠግን ፀጉሩ የሸበተ ሰው፣ የራሱ እንቢ ስትለው እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ ኖሯል? ጠዋት ባትሪውን ፈተሸ፤ ደህና ነው። የገመዶቹን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ መልሶ አሰረ። አሁንም ዝም ስትለው ‹ሞተሩን የምታስነሳው ሞተሪኖ ናት ያለቀላት› ብሎ ፈረደና ከድሮ ባልደረባው ሱቅ አዲስ አምጥቶ፣ አሮጌውን አውርዶ፣ አዲሱን ገጠመ። ቁርስ የሚባል ነገር አልቀመሰም። ሥራ ከያዘ ለምኖ የሚያስበላው የለም።

ብሎን ከብሎን አላምታታም። የከዳው ሌላው ነገር ነው።

በቀደም የልጅ ልጁን፣ የእሷን ልጅ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ሊያመጣ ሄዶ እስኪመሽ ጠፋ። የተገኘው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ነዳጅ ማደያ ነው። ሕፃኗ ከኋላ ወንበር ላይ ታለቅሳለች፣ እሱ ደግሞ የማደያውን ሠራተኛ ‹የማን ልጅ እንደሆነች አላውቅም፣ መኪናዬ ውስጥ ነው ያገኘኋት፣ እባክህ ወላጆቿን ፈልግልኝ› እያለ ይለምናል። በማግስቱ ነገሩን ሁሉ ረስቶት ቁጭ አለ። ‹ከእንግዲህ አትነዳም› ልትለው ስንቴ አፏን ከፍታ ስንቴ መለሰችው። ቃሉን ማውጣት ሲያቅታት ፒንሳ አነሳች።

አባቷ እያቃሰተ ከመኪናው ሥር ይወጣል። በሁለት ሽቦ የታሰረች ትንሽ አምፖል ይዟል። የተከፈተው ኮፈን ሥር ጎንበስ ብሎ አንዱን ጫፍ ከሞተሪኖዋ ወፍራም ገመድ ጋር ሲያነካካው አምፖሏ ትበራለች። ወደ ቀጭኑ ሽቦ ያዛውረዋል።

«እስቲ አሁን አዙሪ።»

ታዞራለች። አምፖሏ አትበራም።

«ይኸውልሽ» ይላል ደስ ብሎት። «ጉልበት አላት፤ ተነሺ የሚላት ነው ያጣችው። ምስኪን፣ አሮጌዋን በሐሰት ወንጅያት።»

«አባዬ፣ በቃ ተወው። ነገ ሰው እንጠራለን።»

«ሰው? እኔ ምንድን ነኝ ታዲያ?» ብሎ ይስቃል።

ሽቦውን በጣቱ እየተከተለ፣ ጋቢናው በር ጋ ተንበርክኮ፣ ጭንቅላቱን መሪው ሥር ያስገባል። «አብሪልኝ» ይላታል። የስልኳን መብራት ታበራለታለች። ሌላ ቦታ፣ ሌላ ቦታ ታበራለች፤ እሱ ግን እጇን ይዞ ወደሚፈልገው ይመልሰዋል።

«ተቆርጧል። ሌባ ነው መቼም።»

ሁለቱም ጫፎች ለየብቻ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልለዋል። አውራ ጣቱ ፕላስተሩ ላይ ያርፍና ይቆማል። የፕላስተሩ መጨረሻ ለመያዣ እንዲሆን ታጥፏል። ኋላ የሚፈታው ሰው በጥፍሩ እንዳይሰቃይ ብሎ እንዲህ የሚያደርግ ይሠራበት በነበረው ጋራዥ እሱ ብቻ ነበር። እሷም ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገቡ ቁጭ ብላ የለመደችው ነው። ትናንትም ሳታስበው አጠፈችው።

እጥፋቱን በጥፍሩ ብድግ አድርጎ መልሶ ያስተኛዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትወዳለች።

«ለኔ ብቻ ብትፈሪ ኖሮ ትቆጪኝ ነበር እንጂ አትቆርጪም» ይላል በመጨረሻ። «ሕፃኗን ምን አደረግኋት?»

«ምንም አልሆነችም፣ አባዬ። ደህና ናት።»

«ንገሪኝ።»

«ጠፋችሁ።» የስልኳን መብራት ታጠፋለች። «ማን እንደሆነች አላወቅካትም።»

ቀስ ብሎ ወጥቶ ጋቢናው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። ፊቱ በአንድ ጊዜ ያረጃል። ግሪስ የነካቸውን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያያቸዋል። ልታቅፈው ጠጋ ስትል፣ ልብስሽን አቆሽሻለሁ ብሎ ክንዷን በክርኑ ገፋ ያደርጋል።

«እንኳን ቆረጥሽው» ይላል። «እዚህ ጋ ግን አይሆንም። ነገ ይሄን ሁሉ እረሳና እንደገና መጥቼ አገኘዋለሁ። ይሄን ቀጥዪና ሌላ ቦታ ቁረጪ። የት እንደሆነ አትንገሪኝ።»

«አባዬ…»

«ጫፉን ደግሞ እንዳታጥፊው። በሱ ነው ያወቅሁሽ።»

ፒንሳውን መዳፏ ላይ አስቀምጦ፣ ጣቶቿን አንድ ባንድ ያጥፍላታል። ከዚያ ይነሳና ወደ ግቢው ግንብ ይሄዳል። ልጅ ሳለች ድብብቆሽ ሲያጫውታት እንደሚቆመው፣ ክንዱን ግንቡ ላይ አድርጎ ፊቱን ይሸፍናል።

እሷ መሪው ሥር ትገባለች። ቀዩ፣ ቢጫው፣ ጥቁሩ፣ ሁሉም በእንባዋ ውስጥ አንድ ሆኖባታል። አንዱን ትይዛለች፣ ትለቃለች። ሌላውን ትይዛለች።

«ኩኩሉ» ይላል አባቷ ከግንቡ ጋ፣ ቀስ ብሎ።

ፒንሳውን ሽቦው ላይ እንደያዘች ከንፈሯን ትነክሳለች።

«አልነጋም፣ አባዬ።»