ከቀይ ባሕር ሥር ያለው ኮረብታ

ይሁኔ ወረቀቱን ሊያወጣ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ወይዘሮ ካሣነሽ ሰፌዱን ከነገብሱ አስታቀፉት። «ያዝልኝማ ልጄ፣ ወገቤን ላቃና።» ሲያቋርጡት ይህ ሦስተኛው ነው። መጀመሪያ ጠላ ሳትጠጣ ወሬ የለም አሉት፤ ቀጥለው ጥጃዋን አሳሰሩት። ነጩ የባሕር ኃይል ልብሱ እብቅ በእብቅ ሆኗል።

የተናደደው ግን በሽማግሌዎቹ ነው። የሴትዮዋ ልጅ፣ ጓደኛው አንዳርጌ፣ ምጽዋ ላይ ከሰጠመ ዓመት ሊሞላው ነው፤ መርዶውን የሚነግራቸው ጠፋ። መርዶ ደግሞ ወግ አለው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ደጅ ቆሞ ነው የሚነገረው። ይሁኔ ሦስት ቀን ለመናቸው። አንድ ቀን «የቄሱ በቅሎ አነከሰች» አሉ፤ በማግስቱ «ዛሬ ማርያም ናት»፤ ዛሬ ጭራሽ የመጣም የለ። የድንበር ክርክር ቢሆን ኖሮ ዶሮ ሳይጮህ ይደርሱ ነበር!

ወደ ምጽዋ የሚመልሰው መኪና ቀትር ላይ ከንፋስ መውጫ ይነሳል። እሱና አንዳርጌ ያገለገሉባት መርከብ ጥልቀት ስትለካ ከባሕሩ ሥር ኮረብታ አግኝታለች፤ አዛዡም «በአንዳርጌ ይጠራ» ብለዋል። ደንቡ ግን በሕይወት ያለ ሰው ስም አይቀበልም። እናቱ መሞቱን አምነው ኪሱ ባለው ወረቀት ላይ ካልፈረሙ ኮረብታው የሌላ ሰው ስም ይወጣለታል።

«እማማ» አለ ቆርጦ። «ባሕሩ ውስጥ ኮረብታ ተገኝቷል። በአንዳርጌ ስም ሊጠሩት ነው።»

«ኮረብታ?»

«ውኃው ሸፍኖት ነው እንጂ ከዚህ ከፊታችን ካለው አያንስም።»

ልጄ ርስት ተሰጠው ብለው እልል ቢሉስ? ያኔ በምን አፉ ይናገራል!

እሳቸው ግን ወደ ማዶ ዞሩ። «ያ ገደል ማን ይባላል?»

«ንጉሤ አፋፍ።»

«ንጉሤ ምን ሆነ?»

ንጉሤ ከዚያ ወድቆ መሞቱን ያገሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል።

«ከወዲህ ያለውስ?»

«ቻላቸው ጉብታ።» ቻላቸውንም እዚያው መብረቅ ነው የመታው።

«እኛ አገር ኮረብታ በማን እንደሚጠራ እኔ አጥቼው ነው? አንተ ብቻህን መጣህ ሲሉኝ ነው ያወቅሁት። ሽማግሌዎቹን ለምኜ ያስቀረኋቸው እኔው ነኝ። እስኪነግሩኝ ድረስ ልጄ አለ ብዬ።»

ይሁኔ ሦስት ቀን ሙሉ ሽማግሌዎቹን በልቡ ሲረግም እንደሰነበተ አስታወሰ። አፈረ።

ወይዘሮ ካሣነሽ አውራ ጣታቸውን ዘረጉ። ሰፌዱን በአንድ ክንዱ እንዳቀፈ ወረቀቱን አውጥቶ ጣታቸውን ቀለም ቀባላቸው፤ ያሳያቸው ቦታ ላይ ጫን አድርገው አተሙ። ከዚያ ነጠላቸውን አዘቀዘቁና መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«በል እንግዲህ፣ ውጣና ደጅ ቆመህ በወጉ ንገረኝ።»

ወጥቶ ደጁ ላይ ቆመ። ሰፌዱ አሁንም በእጁ ነበር።