ያንገቴንስ ማን ይወስዳል?

ነርሷ ጎረቤታችን መስታወቱን ለብቻዋ ይዛ ጉትቻ ትሞክራለች፤ የአጎቴ ልጅ ደግሞ አምባሩ ከእጇ አልወጣ ብሏት ሳሙና አምጡልኝ ትላለች። ሳሎናችን መቆሚያ የለውም። ሶፋውን ወደ ግድግዳው ገፍቼ፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነጭ አንሶላ አንጥፌ፣ የሁለት ወር ሥራዬን ደርድሬ ነበር፤ አሁን አንሶላው ብቻ ቀርቷል ማለት ይቻላል።

እናቴ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት የጌጥ ሽያጭ ሳዘጋጅ የመጀመሪያዬ ነው። ሁሉንም እሷ እንደምታደርገው አድርጌያለሁ። ሻዩን በትልቁ ማንቆርቆሪያ አፍልቻለሁ፣ መስታወቱን መስኮቱ አጠገብ አቁሜያለሁ። ከሁሉ የሚያምረውን ጌጥም ጠረጴዛው ላይ አላኖርኩትም፤ አንገቴ ላይ አጥልቄዋለሁ።

የእሷ ደንብ እንዲህ ነበር። ምርጡን ሥራዋን አጥልቃ ቀኑን ሙሉ ሻይ ስትቀዳ ትውልና፣ ጠረጴዛው ባዶ ሲቀር፣ «በሉ፣ ያንገቴንስ ማን ይወስዳል?» ትላለች። ቀድማ «እኔ!» ያለች ትወስዳለች። ትልልቅ ሴቶች እንደ ተማሪ እጃቸውን ሲያወጡ እያየሁ በሳቅ ፍርስ እል ነበር።

እኔ ግን ዛሬ አልጠይቅም። ይሄን ቀይ ዶቃ እናቴ ጀምራው ሳትጨርስ ነው ያረፈችው። ግማሹ የእሷ ነው፤ ግማሹን እኔ ነኝ የጨረስኩት። ደንቡ እንዳይጎድል ብዬ አጠለቅኩት እንጂ ልሸጠው አስቤ አይደለም።

«ያንገትሽንስ?» ይላል ከሶፋው ጥግ አንድ ድምፅ።

የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ናቸው። ከእናቴ ሽያጭ አንድም ጊዜ ቀርተው አያውቁም፤ አንድም ቀን ግን ቀድመው አያውቁም። አፋቸውን እስኪከፍቱ ሌላ ሰው ይወስደዋል። እናቴ፣ «አንቺ እኮ እኔ ስሞት ነው የምትደርሺው» እያለች ታበሽቃቸው ነበር።

«እትዬ፣ ይሄ አይሸጥም» እላለሁ። «የእማዬ እጅ አለበት።»

«የቱ ጋ?»

«እዚህ ጋ…» ብዬ ወደ መስታወቱ እዞራለሁ። ጣቴ ከአንዱ ዶቃ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ይመለሳል። አውቀው ነበር እኮ!

ልብስ ሰፊዋ መነጽራቸውን አድርገው ይጠጋሉ። የማንን ቀሚስ ማን እንደሰፋው በዓይናቸው ብቻ የሚለዩ ሴት ናቸው። በየዶቃው መሃል ያለውን ቋጠሮ አንድ በአንድ ይዳስሳሉ። ነርሷ እንኳ መስታወቱን ረስታ እኛን ታያለች።

«እኔስ አላገኘሁትም» ይላሉ በመጨረሻ። «አንቺስ?»

እኔም አላገኘሁትም። እናቴን ሁለተኛ ያጣኋት መሰለኝና እንባዬ መጣ።

«ምን ያስለቅስሻል፣ ልጄ?» ይላሉ ቀስ ብለው። «እጅሽ ከእሷ እጅ ካልተለየ፣ እንግዲያ ነገም ትሠሪዋለሻ።»

እንባዬን ጠረግኩ። ከዚያ እጄን ወደ ማጅራቴ ልኬ መቆለፊያውን ፈታሁት።

«በሉ፣ ጎንበስ ይበሉ እትዬ።»

«ማንም ሳይቀድመኝ?» ይላሉ፤ ግራና ቀኝ እያዩ።

አንገታቸው ላይ ሳስርላቸው ቤቱ በሙሉ ያጨበጭባል። የአጎቴ ልጅ አሁንም ሳሙና ትላለች።

ወደ ማንቆርቆሪያው እመለሳለሁ። ለነርሷ በቀኝ እጄ ሻይ ስቀዳ ግራ እጄ ሳላዘው ወጥቶ ባዶ አንገቴን ያሻል። እናቴም ሽያጩ ሲያበቃ ብርጭቆ እያጠበች እንዲህ ታደርግ ነበር። ያሳክካት ይመስለኝ ነበር።