መለኪያው አብዷል

የስፖርት ላቦራቶሪው ቴክኒሻን ቅጽል ስሙ «ደግሜ ልየው» ነበር። ቤቱ ዳገቱ አናት ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ቁልቁል ወርዶ ፌርማታው ጋ ሲደርስ በሩን መቆለፉን ይጠራጠራል፤ ሽቅብ ሮጦ ይመለሳል። በሩን ሁልጊዜም ተቆልፎ ያገኘዋል። እስኪመለስ አውቶቡሱ ጥሎት ይሄዳል፤ እሱም በእግሩ እየሮጠ ሥራ ይገባል። አርፍዶ ግን አያውቅም።

«አንተ ልጅ፣ እንዲህ ስትባዝን ጉልበትህን ጨረስከው» ትለዋለች እናቱ።

ያን ቀን ሐሳቡ ከበሩ ይልቅ ታናሽ ወንድሙ ላይ ነበር። ሯጩ ወንድሙ ሊለካ ነው። በብሔራዊ ቡድኑ የቀረችው አንዲት ቦታ ናት፤ አሰልጣኙም የሯጮቹ ዘመዶች ጭቅጭቅ ቢያንገሸግሸው፣ «ዘንድሮ ቦታዋን የሚሰጠው አፍ ሳይሆን ሳንባ ነው» ብሏል። ሯጩ ማስክ አጥልቆ፣ መሮጫ ማሽኑ ላይ አቅሙ እስኪሟጠጥ ይሮጣል። ሰውነቱ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚጠቀም መለኪያው ይናገራል። ትልቁን ቁጥር ያመጣ ይገባል።

ደግሜ ልየው የፈራው ሐሜቱን ነው። «ወንድሙ ስለሆነ ጨመረለት» ቢሉስ? ስለዚህ መለኪያውን አስቀድሞ ለመፈተሽ ወሰነ። ለፍተሻ ወትሮ የሚሮጠው ቁጥሩ የታወቀ ወፍራም ባልደረባው ነበር፤ ዛሬ ወገቡን አሞት ቀርቷል። ምን ያድርግ? ራሱ ማስኩን አጥልቆ መሮጫው ላይ ወጣ።

መለኪያው ሰማንያ አንድ አለ።

ላቡን ጠረገ። እንደሱ ያለ ተራ ሰው ቢበዛ ቢበዛ አርባ ምናምን ቢያመጣ ነው። ቱቦውን ፈታ፣ ነፋ፣ መልሶ ገጠመ። አረፍ ብሎ እንደገና ሮጠ። ያው ሰማንያ አንድ።

«አብዷል» አለ።

ማንንም ከማማከሩ በፊት አሰልጣኙና ወንድሙ ደረሱ። ወንድሙ ሮጠ፤ ሰባ አራት አመጣ። እስከዚያ ቀን ከተለኩት ሯጮች አንዱም እዚያ አልደረሰም። አሰልጣኙ እጁን ሊጨብጠው ሲል ደግሜ ልየው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ይሄ ቁጥር አይያዝ። ማሽኑ ይዋሻል።»

ወንድሙ ማስኩን ከፊቱ ላይ መነጨቀው። «ምን አልክ? ባዳ እንኳ እንዲህ አይጨክንም!»

«ለአንተው ብዬ ነው። ነገ ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ወንድሙን ቀበረው ይላል!»

«በምን አወቅህ ግን?» አለ አሰልጣኙ።

«እኔን ራሴን ሰማንያ አንድ አለኝ እኮ፣ ጋሼ! ወይ ማሽኑ አብዷል፣ ወይ እኔ ፈረስ ነኝ።»

አሰልጣኙ ሳቀ። መካኒክ ተጠራ።

መካኒኩ የኦክስጅን መጠኑ በትክክል የታወቀ አየር የተሞላበት ሲሊንደር ይዞ መጣና መለኪያው ላይ ገጠመው። ወንድሙ ጥግ ይዞ ጥፍሩን ይበላል። መካኒኩ ጨርሶ ዕቃውን መሰብሰብ ሲጀምር ደግሜ ልየው ክንዱን ያዘው።

«እባክህ፣ አንዴ ደግመህ እየው።»

መካኒኩ እያጉረመረመ ደገመው። «ይሄ ማሽን» አለ በመጨረሻ፣ «ከእኔም ከአንተም ይልቅ ጤነኛ ነው።»

ደግሜ ልየው ሮጦ ወንድሙን አቀፈው። «ሰባ አራትህ እውነት ነው! አሁን አፉን የሚከፍት የለም!»

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለ ወንድሙ፣ እንባው እየመጣ።

አሰልጣኙ የቡድኑን መለያ ከቦርሳው አወጣ፤ ታናሽየው እጁን ዘረጋ፤ አሰልጣኙ አልፎት ሄዶ ለደግሜ ልየው አለበሰው።