ዲንዶን የተዉበት ቦታ

የሥነ ልቦና አማካሪዋ ፔርላ የማኒላውን የጥሪ ማዕከል ሠራተኞች ክብ ሠርተው እንዲቀመጡ አደረገች። የመጣችው ሥራው መንፈሳቸውን ምን ያህል እንደጎዳው ልትጠይቅ ነው። ባለፈው ወር ከእነሱ አንዱ የነበረውን ዲንዶን ስትጠይቀው «ደህና ነኝ፣ እትዬ» ብሎ ሳቀ። አመነችው። ብዙም ሳይቆይ ስልክ እየመለሰ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ቀረ።

«ከለቅሶው ቤት ነው የመጣችሁት?» አለች ፔርላ።

«አዎ። የዕረፍት ፈቃድ ማን ሰጥቶን፣ እትዬ» አለች ማሪቪክ፣ ከዲንዶ አጠገብ ትሠራ የነበረችው። «ከዚያ ቀጥታ ወደ ሥራ ነው።»

ፔርላን ቅር አላት። በአገሩ ልማድ ከለቅሶ የሚመለስ ሰው የሟቹ መንፈስ እስከ ቤቱ እንዳይከተለው መንገድ ላይ ጎራ ይላል፤ አንዱ ሱቅ፣ ሌላው ዳቦ ቤት ትቶት ይሄዳል። እነዚህ ጎራ ያሉት እዚሁ ቢሮ ነው።

«እሺ፣ ኖኖይ፣ እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ፣ እትዬ።»

«አንቺስ፣ ማሪቪክ?»

«ደህና። ምን እሆናለሁ?»

ዓይናቸው ደም መስሎ፣ ሁሉም ደህና ነበሩ። ፔርላ አንገቷን ደፋች።

ያኔ በዲንዶ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠው፣ ገመዱ ከተነቀለው የጆሮ ማዳመጫ ያ የምታውቀው ድምፅ ወጣ።

«ባለፈው ዋሽቼሻለሁ፣ እትዬ። ደክሞኛል።»