የጥላዬ ድርሻ

ውሃ በነፍስ ወከፍ መሰፈር ከጀመረ ወዲህ ቧንቧው ጠዋት ጠዋት የቤተሰቡን ስም እየጠራ የየሰዉን ድርሻ ይለቃል። የሟች ስም መጠራት የሚቀረው፣ ድርሻውም የሚቋረጠው ተዝካሩ ሲወጣ ነው።

የአስካለ ባል ጥላዬ በሞተ ሰሞን፣ ሲንከባከበው የኖረው ወርቃማ ዓሣ ታመመ፤ ገላውን ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ወረሰው። አስካለም ባሏ ያደርግ እንደነበረው፣ የቧንቧ ውሃ የሚታከምበት መድኃኒት ሽታ እንዲለቀው ውሃውን እያሳደረች፣ ለብ አድርጋ ጨው ጣል እያደረገችበት ትቀይርለት ጀመር። ውሃው ከሟቹ ድርሻ ነበር።

«እማዬ፣ የተዝካሩ ቀን አለፈ እኮ! ሰው ምን ይለናል?» አለቻት ልጇ ሰናይት።

«የአባትሽ ዓሣ ሳይድን? ተዝካሩ ከወጣ በኋላ በምን ውሃ ላክመው?»



ዛሬ ጠዋት ግን ዓሣው ነጠብጣቡ ጠፍቶለት፣ ክንፉን ዘርግቶ ሲዋኝ አስካለ አገኘችው። ደስ ሊላት ሲገባ ሆዷ ባባ። የሰናይትን ኮቴ ከደጅ ስትሰማ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ የመስታወት ገንዳውን ሸፈነችው።

«እንዴት አደረ?»

«ገና ነው ልጄ። ብርሃን አስጠልቶታል።»

ወዲያው ቧንቧው አጉረመረመና «ጥላዬ ወንድይራድ» ብሎ ተጣራ።

«አቤት» አለች አስካለ፣ ባልዲውን እየደቀነች።