ላብ ሳይደርቅ

እናቲቱ የዳቦ ቤቱን የጓሮ በር ገፋ ስታደርግ፣ ልጇ ምድጃው ፊት ቆማ ትሮጣለች። ወዴትም አትሄድም፤ ባለችበት ትረግጣለች። ሁለት ሹራብ ደርባ፣ ከላይ የወንድሟን ሰማያዊ ጃኬት እስከ አገጯ ቆልፋለች። ላቧ በአፍንጫዋ ጫፍ ይንጠባጠባል።

ዳቦ ጋጋሪው አጎቷ፣ በቀርፋፋነቱ ሰፈርተኛው ሁሉ «ቶሎቶሎ» የሚለው፣ የዳቦ ማውጫውን ረጅም እንጨት እንደያዘ ድርቅ ብሎ ቀረ።

«ገበያ ሄጃለሁ አላልሽም እንዴ?» አላት እህቱን።

«ቦርሳዬን ረስቼ ተመለስኩ። አንተስ? ልጄን ከዳቦው ጋር ልትጋግራት ነው?»

«ዳቦው ገና ነው። እሷ ቀድማ በስላለች።»

ማንም አልሳቀም። ነገር በዓይን ይገባልና እናቲቱ ሌላ አልጠየቀችም። ልጅቷ ቆላ ልትወርድ ነው። አምና ወንድሟ ሲሮጥ ወድቆ ያልተነሳበት ውድድር ላይ ልትሮጥ ነው። «በቁሜ አትሄጂም» ብላት ነበር።

በዚህ ከተማ ውርጩ እስከ ረፋድ ሳሩ ላይ ይቆያል። ሁለቱም ልጆቿ በዚህ ስስ አየር ነው እግር ያወጡት። ሳንባቸውን የሠራላቸው ደጋው ነው ይላል ሰው ሁሉ፤ እሷም ትኮራበት ነበር። ደጋው ያላስተማራቸው ነገር ይኖር ይሆን ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። ከልምምድ ሲመለሱ ፎጣ ይዛ ደጅ ትጠብቃቸዋለች። «ላባችሁ ሳይደርቅ ውሃ እንዳትነኩ፤ ብርድ ደረታችሁ ውስጥ ይገባል።» ልጆቹም እሺ ባዮች ነበሩ።

አምና ጎረቤቱ ሁሉ ቤቷ ተሰብስቦ ልጇን በቴሌቪዥን አይቶታል። ከፊት ነበር። ሌሎቹ መንገድ ዳር የቆመው የውሃ ጠረጴዛ ላይ ሲሻሙ እሱ እጁን አወዛውዞ አለፈ። በሚቀጥለውም አለፈ። «አይ ጀግና! ውሃ እንኳ አያምረውም» አለ አንዱ ጎረቤት። ቤቱ አጨበጨበ። እሷም አጨበጨበች።

«ውድድር ጠፋ?» አለች አሁን። «ከዚያ ሌላ አገር የለም?»

«ሰውነት ሙቀት ይለምዳል፣ እማ» አለች ልጅቷ ሳትቆም፣ ቃሉን በትንፋሿ እየቆራረጠች። «አሰልጣኙ ነው ያለው። ከብርድ ተነስቼ በቀጥታ ከወረድኩ ነው የምጎዳው።»

«ብትሞቺብኝስ?»

ቶሎቶሎ ፊቱን ወደ ምድጃው አዞረ። 

«ወንድሜን ባሰብኩት ቁጥር እዚያው መንገድ ላይ ወድቆ ነው የማየው» አለች ልጅቷ። «እኔ አልፌ ካልጨረስኩት፣ አይነሳልኝም።»

«እቴ፣» አለ ቶሎቶሎ ዞር ሳይል፣ «ብትከለክያት ሌላ ምድጃ ትፈልጋለች። እዚህ ቢያንስ ዓይኔ ሥር ናት።»

«አንተ ዝም በል። ዳቦህ አረረ።»

እውነትም አርሮ ነበር። እሱ እየተጣደፈ፣ ማለትም እንደ ወትሮው ቀስ ብሎ፣ ትሪውን ሲጎትት እናቲቱ ቦርሳዋን ለማንሳት ወደ መስኮቱ ሄደች። ከቦርሳዋ አጠገብ የውሃ ጠርሙስ ቆሟል። ክዳኑ አልተነካም፤ እስከ አንገቱ ሙሉ ነው።

«ይሄ የማነው?»

«የኔ ነው።» ልጅቷ እናቷን ደስ የሚያሰኝ ነገር በማግኘቷ ፈገግ አለች። «አይዞሽ፣ አልነካሁትም። ስጨርስ ነው፤ ላቤ ሲደርቅ።»

እናቲቱ በአንድ እጇ የሊጡን ጠረጴዛ ያዘች። ዱቄቱ ላይ አምስት ጣቶቿ ታተሙ። ወንድሟም ልጇም የደከማት መሰላቸው።

ከዚያ ጠርሙሱን አነሳች፣ ከፈተችው፣ ወደ ልጅቷ ዘረጋችው።

«ጠጪ።»

«ላቤ እኮ ገና...»

«እየሮጥሽ ጠጪ።»

ልጅቷ የእናቷን ፊት አየች፤ ቀልድ ፈልጋ አጣች። ጠርሙሱን ተቀበለች። የመጀመሪያው ጉንጭ ትን አላት፤ ውሃው በአገጯ ወርዶ የወንድሟን ጃኬት አራሰው። ሳለች። እንደገና አነሳችው። እግሮቿ አልቆሙም።

እናቲቱ ዓይኗን ከልጇ ጉሮሮ ሳትነቅል፣ ወደ ኋላ አፈግፍጋ ብርድ የሚያስገባውን የጓሮ በር በተረከዟ ገፍታ ዘጋችው።